የበሬ ሌባ አዳኙ ቡድናችን እንዴት እንደፈረሰ

ፖሊስ ሆኜ ከሚሴ ባገለገልኩባቸው ዓመታት እንደ በሬ ስርቆት ያንገበገበኝ ወንጀል የለም። ከተማ ለተቀመጠ ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። የጨፋ ሸለቆ ገበሬ ግን በእርሻ ወቅት በሬው ከተሰረቀ ዓመቱ አለቀለት። መሬቱን ለሌላ በእኩል ይሰጥና እሱ ቀን ሥራ ፍለጋ ይሰደዳል። እኛ ደግሞ ቃሉን ተቀብለን «እንከታተላለን» ብለን እንሸኘዋለን። ውሸት ነበር። የሚከታተል ሰው አልነበረም።

ስርቆቱ ሲብስ አለቃችን ኮማንደሩ ቢሮው አስጠራኝ።

«የአገሩ ልጅ ነሽ። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ትችያለሽ። ይህን ብቻ የሚሠራ ትንሽ ቡድን አቋቁሚ» አለኝ።

«ሰዎቹን ራሴ ከመረጥኩ እሺ» አልኩት። «መኪናም ይሰጠን። ደግሞ የጠቆመን ሰው ስም ከእኛ እጅ እንዳይወጣ።»

«ይሁን» አለ። ቃሉን አመንኩት።

በጉልበታቸው የሚታወቁትን ትቼ፣ ነጋዴ ጫት ልጋብዝ ሲላቸው «ጀዛከላህ» ብለው አመስግነው የሚያልፉትን ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይገኝም። ቀኝ እጄ የሆነው ባቲ ተወልዶ ያደገ ዝምተኛ ሳጅን ነበር። ከሹፌሩና ከሁለት መርማሪዎች ጋር ሆነን ሥራ ጀመርን።

መጀመሪያ ማንም አላናገረንም። ጨፋ ሮቢት ገበያ ስንገባ ሰው ፊቱን ያዞራል። አንድ ገበሬ ቁርጡን ነገረኝ፦ «እህቴ፣ እናንተ ታስሩታላችሁ፣ እሱ ተፈቶ ይመጣል፣ የእኔ ክምር ይቃጠላል። ተዪኝ በአላህ።» እውነቱን ነው። ስለዚህ ዩኒፎርማችንን አውልቀን ከሰው ጋር መቀመጥ ጀመርን። ለቅሶ ደረስን፣ የታመመ ጠየቅን። ቀስ በቀስ ሰው አፉን ፈታ። ከሸለቆው የሚነዳው ከብት ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ፣ ከቆላ ከመጣው ከብት ጋር ተቀላቅሎ እንደሚሸጥ ደረስንበት። ከዚያ በፊት የት እንደሚቆይ ግን አላወቅንም።

የነገረችን ባቲ ውስጥ ለከብት በረት ውሃ በአህያ የምታመላልስ ሴት ናት። ባሏ የሞተባት፣ ልጆች የምታሳድግ። ሳጅኑ ከእኔ ጋር አገናኛት፤ በኦሮምኛ ተጫወትን። የአንድ የታወቀ ከብት ነጋዴ በረት ውስጥ በሬዎች እየተደበቁ፣ በነባር ምልክታቸው ላይ በጋለ ብረት ሌላ ምልክት እየተተኮሰ እንደሚወጡ በዓይኗ አይታለች።

«ስሜን ካወቁ ይገድሉኛል» አለችኝ።

«ወላሂ ከእኔ አይወጣም» አልኳት።

የበረቱን መፈተሻ ፈቃድ የሚያስወጣልኝ ኮማንደሩ ነበር። የመረጃውን ምንጭ ካልነገርሽኝ አልፈርምም ስላለ ነገርኩት። ለእሱ ብቻ።

ሰኞ ጠዋት በረቱን ከበብን። በሬ ከተሰረቀባቸው አንዱ የሆኑ የጨፋ ሽማግሌ አብረውን መጥተዋል። ነጋዴው ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«እኔን ነው የምትፈትሹት? ይህ ሁሉ ከአፋር የገዛሁት ነው!»

ሽማግሌው ወደ አጥሩ ተጠጉ። አጥሩን ተደግፈው «ኮቱ፣ ኮቱ» እያሉ ተጣሩ፤ ና፣ ና ማለታቸው ነው። ከመንጋው መሀል አንድ ቀይ በሬ ጆሮውን አቆመ። ሌሎቹን እየገፋ መጥቶ አፍንጫውን ደረታቸው ላይ አሳረፈ። ሽማግሌው አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። ታፋው ላይ የተተኮሰው አዲስ ምልክት ገና አልደረቀም ነበር። ነጋዴውን በገበያው መሀል በካቴና ይዘነው ስናልፍ ሴቶች እልል አሉ።

ከዚያ በኋላ ስርቆቱ ጋብ አለ። ሰው ራሱ እየደወለ ይነግረን ጀመር። ይህ የሆነው በአምስት ሰውና በአንድ አሮጌ መኪና ነው። ስለዚህ «በእኛ አገር አይቻልም» የሚለኝን ሰው መስማት አልወድም። ተችሎ አይቻለሁ። ያፈረሱትንም አይቻለሁ።

መጀመሪያ መኪናችን ለስብሰባ እንግዶች ተብሎ ተወሰደ። ቀጥሎ ሳጅኑ ወደ ጥበቃ ተዛወረ። ነጋዴው በዋስ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ውሃ የምታመላልሰዋ ሴት በጠራራ ፀሐይ ከጉድጓድ ስትመለስ በዱላ ተደበደበች። አህያዋንም ገደሉባት። ሐኪም ቤት ስደርስ እጇ ተሰብሮ ታስሯል፣ ፊቷ አብጧል። አልተቆጣችኝም። «ምለሽልኝ ነበር እኮ» ብቻ አለችኝ።

ከዚያ በቀጥታ ኮማንደሩ ቢሮ ገባሁ። ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም።

«ስሟን ለማን ነገሩ?»

«ሥነ ሥርዓት ያዢ!»

«ከእኔ፣ ከሳጅኑና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ለማን ነገሩ?»

«ሰውየው ለአካባቢው ልማት የቆመ ሰው ነው። ሽማግሌ ላከ፣ አነጋገርኩት። አንቺ ነገር ታከሪያለሽ።»

ተነጋግረዋል! እሷ አጥንቷ ተሰብሮ እሱ «አነጋገርኩት» ይለኛል። ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት፤ ጮኼ የተናገርኩት ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። በማግስቱ ቡድኑ መበተኑ ተነገረኝ፤ እኔም ንብረት ክፍል ተመደብኩ።

ሴትየዋ ግን ፍርድ ቤት ቀረበች። እንዳትመጣ ለመንኳት። «አሁን ምን ቀረኝ ብዬ እፈራለሁ?» አለችኝ። ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ ቆማ ያየችውን ሁሉ ተናገረች፣ ሽማግሌውም መሰከሩ። ነጋዴው ተፈረደበት።

ጥቂት ወራት ቆይቶ በትልቅ ስብሰባ ላይ ኮማንደሩ መድረክ ወጣ። «ያቋቋምነው ልዩ ቡድን ያስመዘገበው ውጤት» እያለ አወራ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፣ ፎቶ ተነሳ። ስለ ሴትየዋ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ተነስቼ ወጣሁ። ሳጅኑ በር ላይ ለጥበቃ ቆሞ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ አንገቱን ደፋ።

ሴትየዋ ባቲ መኖር አልቻለችም። ልጆቿን ይዛ ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች፤ እጇ ተጣሞ ስለዳነ ጀሪካን ማንሳት አትችልም። የጨፋ ገበሬዎች አሁንም ስልኬ ላይ ይደውላሉ፤ በሬ እንደገና መሰረቅ ጀምሯል። እኔ ንብረት ክፍል ተቀምጬ ለፖሊሶች ብርድ ልብስና ጫማ አድላለሁ። ባለፈው የደወለልኝ ገበሬ ቡድኑ እንደሌለ ስነግረው «ታዲያ ያኔ ለምን አፋችንን አስከፈታችሁን?» አለኝ።