ለቀይዋ መኪና የተወጠረ ቆዳ

ታፋ ደረሳ በነቀምቴ ገበያ ዳር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮርቻ ሠርቷል። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ከመናገር ማጉረምረም የሚቀናው ሰው ነበር። ከአርጆም ከጊምቢም በቅሎ እየሳቡ የሚመጡ ደንበኞች አንድ ወጉን ያውቁለታል፤ የበቅሎዋን አካሄድ ሳያይ ቆዳ አይቆርጥም። ባለቤቱ ሽቅብና ቁልቁል ያስኬዳታል፤ ታፋ ከበርጩማው ሳይነሳ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ እግር አጣጣሏን ያያል። ከዚያ በኋላ ነው ጠፍሩን ይዞ የሚለካት። «በቅሎን አቁሞ የሚለካ ሰው፣ ኮርቻው ቆማ ብቻ ነው የሚመቻት» ይል ነበር።

በ1959 ዓ.ም. ታፋ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላው፤ በቅሎውም አነሰ። ቡናው በጭነት መኪና፣ ባለሥልጣኑ በላንድሮቨር፣ ገበሬው በአውቶቡስ መሄድ ጀመረ። ታፋ በዚህ ቂም ይዞ ነበር። መኪና ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በዕድሜው አንዴም ተሳፍሮ አያውቅም፤ ሲሬ ለቅሶ ቢኖርበት እንኳ ቀኑን ሙሉ በቅሎ ላይ ይውላል እንጂ አውቶቡስ አይረግጥም። ሚስቱ ድንቅነሽ ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ዝንጅብል ትሸጣለች፤ ሳቅ አያልቅባትም። ባሏን በልጃቸው ስም ነበር የምትጠራው።

«አባ ድርቤ» ትለዋለች፣ «መኪናው እኮ ፊትህን ማዞርህን አላየም። የተጎዳው ያንተው አንገት ነው።»

የዚያ ዓመት ጥቅምት አበጋዝ ማዘንጊያ ቀይ መኪና ይዞ ነቀምቴ ገባ። አበጋዝ ከሸዋ የመጡ የቡና ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ አባቱ ቡና እንዲገዛላቸው እዚያ ያስቀመጡት። መኪናዋን ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ አዲስ አበባ ላይ ገዛት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ ሆኖ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው የእሽቅድምድም መኪና ነበረች። ቀለሟ የበሰለ በርበሬ ነው። ነቀምቴ እንዲህ ያለ ነገር አይታ ስለማታውቅ፣ አበጋዝ በቆመበት ሁሉ ሰው ይከባታል፤ ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው ከሥሯ ምን እንዳለ ያያሉ።

ችግሩ መንገዱ ነበር። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ድረስ ያለው ጥርጊያ ልቅ ጠጠር ነው፤ ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና ጎማ ጠጠሩን እያነሳ ወደ ኋላ ይወነጭፈዋል። ሦስቴ ተመላልሶ ሲያበቃ የመኪናዋ ግንባርና የኮፈኗ ጠርዝ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መሰለ። አዲስ አበባ ወስዶ አስቀባት፤ በተመለሰበት ቀን ያው ሆነች። ብርድ ልብስ ቢያስርባት ባኮ ሳይደርስ ነፋስ ወሰደው። የሙዝ ቅጠል በገመድ ጠምጥሞ ቢያለብሳት፣ ጉቴ ላይ ሻይ ሊጠጣ በቆመበት ፍየሎች ግንባሯን ግጠው ጨረሱት።

አንድ ቅዳሜ ድንቅነሽ ከገበያ ስትወጣ አበጋዝን መኪናዋ ፊት ተንበርክኮ፣ በጥፍሩ የተላጠ ቀለም ሲቆጥር አገኘችው።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ጠጠር ጨረሳት፣ አዴ። የሚያለብሳት አጣሁ።»

«ማልበስ የሚያውቅ ሰው ቤቴ አለ» አለችው። «ብቻ መጀመሪያ ይሰድብሃል። ዝም ብለህ ስማው።»

ታፋ መኪናዋ ደጁ ላይ ስትቆም እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ዞረ። «እኔ የማለብሰው ነፍስ ያለውን ነው» አለ።

«ልክ ነዎት፣ ኦቦ ታፋ» አለ አበጋዝ። «ቁስሏን ብቻ ይዩልኝና ልሂድ።»

ቁስል የሚለውን ቃል ሲሰማ ታፋ ሳይወድ ዞረ። ዕድሜውን ሙሉ በኮርቻ የተላጠ ጀርባ ሲያክም የኖረ ሰው ነውና። ቀርቦ በአውራ ጣቱ የተፈነከተውን ቦታ ዳበሰ። ወደ ጎን ሄዶ ዳበሰ። ሲዳብሳት ፊቱ እየተለወጠ መጣ።

«ስትሄድ ልያት» አለ።

አበጋዝ ሽቅብ ነዳት፣ ቁልቁል ነዳት። ታፋ ያየው አቧራ ብቻ ነበር። ሁለተኛም ነዳት፤ ያው አቧራ።

«ካልተቀመጡባት አትታይም» አለ አበጋዝ፣ በሩን ከፍቶ።

ታፋ ወደ ድንቅነሽ አየ። ድንቅነሽ ወደ ሰማይ አየች። ጋቢውን ሰብስቦ ገባ።

ከከተማው እስኪወጡ የበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ፣ በኦሮምኛ «ሱታ፣ ሱታ» ይል ነበር፤ ቀስ፣ ቀስ። የጉቴ ቁልቁለት ሲጀምር አበጋዝ ማርሽ ቀየረ። መኪናዋ ወደፊት ተወረወረች፤ የታፋ ጀርባ ወንበሩ ላይ ተጣበቀ። ባርኔጣው ሄደ። ነፋሱ አፉ ውስጥ ገብቶ ጉንጩን ነፋው። ከዚያ ከደረቱ አንድ ነገር ወጣ። አበጋዝ ሰውዬው ያመመው መስሎት ሲያየው፣ ታፋ እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ እያለቀሰ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ። መንገድ ዳር ከሰል ይሸጡ የነበሩ ሴቶች ታፋ ሲስቅ አየን ብለው በማግስቱ ገበያ ላይ ቢያወሩ ማንም አላመናቸውም።

ጉቴ ደርሰው ቆሙ። ታፋ ወረደ፤ መኪናዋን አንዴ ዞራት፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በደንብ አልታየኝም» አለ። «እንደገና እንሂድ።»

ከዚያ በኋላ የታፋ ልኬት ማለቂያ አጣ። አንድ ቀን ግራዋን ለማየት ወጡ፤ አንድ ቀን ቀኟን። ዳገት ላይ እንዴት ነች ብሎ ወጡ፤ ቁልቁለት ላይስ ብሎ ተመለሱ። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ አንዱ እውነተኛ ሥራ ነበር። ግንባሯን በእርጥብ ሸክላ አፈር ለቀለቃትና ከጭነት መኪና ኋላ አስነዳት፤ ሲመለሱ ጠጠሩ የት የት እንዳረፈ ጭቃው ላይ ተጽፎ ነበር። ከመብራቶቹ በታች በብዛት፣ በኮፈኑ ጠርዝ በመጠኑ፣ ጎኗ ላይ ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ጥቂት። ታፋ ይህን ሁሉ በጠፍር ላይ ቋጠሮ እያደረገ ያዘው። ሌላው ጉዞ ግን ለምን እንደነበረ ሚስቱም አበጋዝም ያውቁ ነበር። አበጋዝ ዝም ያለው፣ አጠገቡ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው ተቀምጦለት ስለማያውቅ ነው።

በመጨረሻ ቆዳው ተቆረጠ። በቅቤ የለሰለሰ የበሬ ቆዳ፣ ልክ እንደ ልብስ ግንባሯ ላይ የሚተኛ፣ በኮርቻ ዘለበት ከሥር የሚታሰር። ከፊቷ ያለውን የነፋስ ማስገቢያ ክፍት ተወው፤ «አፏን ከዘጋሁት ትታፈናለች» አለ፤ ሞተሩ በዚያ እንደሚቀዘቅዝ ማንም ሳይነግረው። አበጋዝ አዲስ አበባ ደርሶ በሳምንቱ ተመለሰ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ዘለበቱ ሲፈታ ያይ ጀመር። አንድም የተፈነከተ ቦታ የለም። ግን ቆዳው ተኝቶበት የነበረው ቀለም በሙሉ በአሸዋ እንደተፈተገ ድስት ደብዝዟል።

ሰው ወደ ታፋ ዞረ። ታፋ የቆዳውን ውስጥ በእጁ ጠረገውና መዳፉን አየ፤ ደቃቅ አቧራ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«በቅሎን የሚያቆስላት ኮርቻው አይደለም፤ ከሥሩ የገባው አሸዋ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን ለሰው ሁሉ የምናገር እኔ ነኝ። ሩጫው አሰከረኝና ረሳሁት። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«ስንቴ ለካሃት?» አለች ድንቅነሽ።

«አሥራ አንዴ።»

«አሥራ አንዴ ለክተህ አሸዋ ረሳህ።»

አበጋዝ አፉን በእጁ ቢከድንም አልቻለም፤ ሳቀ። ድንቅነሽ ተከተለችው። በመጨረሻ ታፋም አንገቱን እንደ ደፋ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር፤ ሰፈሩም ተፈቀደልን ብሎ አብሮ ሳቀ። አበጋዝ የደበዘዘውን አዲስ አበባ ወስዶ እንደገና አስቀባው፤ ታፋ ደግሞ በዚያ ሳምንት ሌላ ነገር ማሰብ ያዘ።

መኪናዋን የማይነካት ልብስ መሆን ነበረበት። ልብስ ሳይሆን ጋሻ። ቀርከሃ አጉብጦ በግንባሯ ቅርጽ ክፈፍ ሠራ፤ በክፈፉ ላይ የነከረውን ጥሬ የበሬ ቆዳ ወጠረና በጅማት ሰፋው፤ እንደ በፊቱ አፏን ክፍት ተወ። ክፈፉ ከፊት መከላከያው ብረት ጋር በጠፍር ይታሰራል፤ በጋሻውና በቀለሙ መካከል አንድ መዳፍ ያህል ክፍተት አለ፤ አቧራው ገብቶ ይወጣል። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ደረቀ። ሲደርቅ እየተኮማተረ፣ እየተወጠረ ሄደ። ታፋ በጣቱ ቢመታው ጥሩ አድርጎ ጮኸ፤ ቆዳው መድረቁን ስላወቀ ደስ አለው እንጂ ሌላ አላሰበም።

የሙከራው ቀን ጥር መጨረሻ፣ ማለዳ ነበር። ወደ ሲሬ የሚሄድ የጭነት መኪና አግኝተው ሊከተሉት ተዘጋጁ። ታፋ በሩን ሊከፍት ሲል ድንቅነሽ ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ ቀድማው ገብታ ተቀመጠች።

«ዛሬ የምሄደው እኔ ነኝ» አለች። «አንተ አሥራ አንዴ ሄደሃል።»

«ሥራዬን ማየት አለብኝ እኮ።»

«ከኋላ ሆነህ እይ።»

ከወንበሮቹ ኋላ ጣሪያው የሚታጠፍበት ጠባብ ቦታ አለ። ታፋ እንደ ጤፍ ጆንያ እዚያ ገባ፤ ጉልበቱ አገጩን ነካው። ሄዱ።

ከጭነት መኪናው ኋላ እንደ ደረሱ የመጀመሪያው ጠጠር መጣ። ድም። ሁለተኛው፤ ድም። ከዚያ መንገዱ ሻካራ ሲሆን ጠጠሩ እንደ ዝናብ ወረደ፤ የተወጠረው ቆዳ ድድም፣ ድድም፣ ድም እያለ ከበሮ ሆነ። አበጋዝ ደንግጦ ፍሬን ሊይዝ ሲል ድንቅነሽ ክንዱን ያዘችው።

«ደበሊ» አለችው። ጨምር ማለቷ ነው።

ጨመረ። ከበሮውም ጨመረ። ድንቅነሽ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ዘፈን አወጣች፤ አበጋዝ ኦሮምኛው እምብዛም ቢሆንም በክላክስ ተቀበላት። ታፋ ከኋላ ሆኖ እያንዳንዷን ጠጠር በጆሮው ይከታተል ነበር፤ «ይቺ ከታች ነው ያረፈችው፤ ይቺ ከቀኝ» ይላል፤ የሚሰማው የለም።

ሲሬ የገበያ ቀን ነበር። ከበሮው ከሩቅ ተሰማ፤ ሰዉ ሰርግ መጣ ብሎ መንገድ ዳር ወጣ። ቀይ መኪና ከአቧራው ውስጥ ብቅ ስትል፣ ከፊት ነጭ የተከናነበች ሴት ስትታይ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። አበጋዝ መቆም ግድ ሆነበት። ጨመዳ የሚባል ረጅም ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ቀረበ።

«ነጋ» አላቸው፤ ሰላም ማለቱ ነው። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ሙሽራዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ድንቅነሽ፣ በሃምሳ ዓመቷ።

«ሙሽራውስ?»

«ያውላችሁ፣ ከኋላ ተጭኗል።»

ታፋ ከጣሪያው እጥፋት ውስጥ ጭንቅላቱን አወጣ። ከግንባሩ እስከ ጺሙ ቀይ አቧራ ሆኗል፤ የሚታየው ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው። ሽማግሌው አጥንቶ አየው። «እግዜር ያጽናሽ» አላት። የሲሬ ገበያ በሳቅ ተናጠ። ፋርሶ መጣላቸው፤ በአማርኛ ጠላ የሚባለው ነው፤ ልጃገረዶች መኪናዋን ከበው ቆዳውን በእጃቸው እየመቱ ዘፈኑ።

ታፋ ግን አንድ ብርጭቆ ቀምሶ ተንበረከከ። ጠፍሮቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ ጋሻውን አነሳ። ግንባሯን በጋቢው ጫፍ ጠረገና አውራ ጣቱን ከዳር እስከ ዳር አሳለፈ። ሁለተኛ አሳለፈ። ቆዳው ላይ ከመቶ የሚበልጥ ጠባሳ አለ፤ ቀለሙ ላይ ምንም።

«እ?» አለ አበጋዝ።

«ደህና ናት» አለ ታፋ፤ ጋሻውን መልሶ ማሰር ያዘ።

አበጋዝ በዚያ ጋሻ ሁለት በጋ ነዳባት። ሾፌሮች ቀስ በቀስ ወደ ታፋ ደጅ መምጣት ጀመሩ፤ አንዱ ለመብራቶቹ የጠፍር መረብ፣ ሌላው ለወንበሩ ልብስ ያሠራል። ታፋ ማናቸውንም መጀመሪያ ሳይሳፈር አልሠራላቸውም። አውቶቡስ ሆነ፣ የጭነት መኪና ሆነ፣ አንዴ የመንገድ ሥራ መዳመጫ እንኳ ተሳፍሯል፤ እሱን አልወደደውም፤ «ከሬሳ ሣጥን ይዘገያል» አለ።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ አበጋዝ ታፋን መንዳት ሊያስተምረው ጨለለቂ አጠገብ ወዳለው ሜዳ ወሰደው። ታፋ ለማቆም መሪውን እንደ ልጓም ወደ ደረቱ ይስበዋል፤ መሪው አይመጣም፣ መኪናዋም አትቆምም። በሁለተኛው ሙከራ ሳር የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ሰው ጠርተው ገፍተው አወጧት። ድንቅነሽ ሜዳው ዳር ሣር ላይ ተቀምጣ፣ ስትስቅ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቋል።

«አሁን እኔ» አለች ተነስታ።

አበጋዝ ከጎኗ ተቀመጠ። ታፋ ውጭ ቆመ። ሞተሩ አንዴ ጠፋባት፣ ሁለቴ ጠፋባት፤ በሦስተኛው መኪናዋ ተንሸራታ ሄደች፤ ቀጥ ብላ፣ ያለ መንገጫገጭ። ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረች። ሁለተኛ ዞረች። ሦስተኛውን ስትጀምር አበጋዝ «አዴ፣ ነዳጁ እኮ ሊያልቅ ነው» አላት፤ ግን ማርሽ ልትቀይር ነበርና አልሰማችውም።