ተሸካሚዋ ማን ናት?

ከቤቴ ሲወስዱኝ የግራ ጫማዬን በቀኝ እግሬ አጥልቄ ነበር። ሠላሳ ዓመት ስለ ሰው አካል ያስተማረ ሰው የራሱን እግር መለየት አቃተው። ጎረቤቶቼ «ፈርቶ ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ጥፋቴ የሰፈር ተማሪዎች የማስጠናበት ደብተር ውስጥ ተገኘ። መርማሪው ክቦቹንና ቀስቶቹን በጣቱ እየተከተለ፣ «አባባ፣ ይህ ሁሉ ህዋስ ምንድን ነው? ተሸካሚዋስ ማን ናት? ምንድን ነው የምትሸከመው?» አለኝ።

«በሽታ።»

«ለማን ልታደርስ?»

«ለወንድ ልጇ።»

ጻፈው። «ህዋስ» የሚለው ቃል ለባዮሎጂም ለስውር ድርጅትም እንደሚያገለግል ለተማሪዎቼ ነግሬ አላውቅም ነበር።

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶ፣ የሽንት ሽታ፣ ከውጭ የባጃጅ ጡሩንባ። አንድ ሰው ብቻ ነበረበት፤ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ በኩል የመጣ ጫት ነጋዴ። ከቤት ከመጣለት ሙዝ አካፈለኝ። ሙዙን ጠረጠርኩት። በላሁት ግን።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ተሸካሚ ማለት ምንድን ነው?»

ያንን ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አላልኩም። ሰላይ ነው አልኩ በልቤ።

«ከየት ሰማኸው?»

«ሐኪም ቤት። የበኩር ልጄ ሲገረዝ ደሙ አልቆም አለ፣ አላህ ወሰደው። ሐኪሙ ሚስቴን ‹ተሸካሚ ነሽ› አላት። አቦ፣ የኔ ሚስት ኩሊ ናት? ወላሂ፣ አንድ ቀን ጆንያ አንስታ አታውቅም! ሰድቤው ወጣሁ።»

ታሪኩ አማረ፤ ስላማረም ይበልጥ ጠረጠርኩት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«አሁን ሌላ ወንድ ወልዳለች» አለ ለጀርባዬ። «ሐሙስ እናቴ ታስገርዘዋለች።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ባስረዳው የደብተሩን ሥዕል እዚያው መድገሜ ነው፤ ሰላይ ከሆነ ምስክር ሆነብኝ ማለት ነው። ዝም ብልስ? የሰላይም ልጅ ይደማል።

ጣቴን ውኃ ነክሬ ሲሚንቶው ላይ ሳልኩለት።

«ሴት ኤክስ የሚባል የዘር ክር ሁለት አላት፣ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ። ልጅህ ዋዩን ካንተ፣ ኤክሱን ከእናቱ ይወስዳል። ከእሷ ሁለት ኤክሶች አንዱ የታመመ ነው፣ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ጤነኛው ስለሚደግፋት እሷ አትታመምም። ልጁ ግን መጠባበቂያ የለውም። የታመመው ይድረሰው ጤነኛው፣ ሳይመረመር አይታወቅም።»

«ጥፋቱ የእሷ ነው ማለት ነው? እናቴ ፍታት እያለችኝ ነው።»

«ወዳ አልወረሰችውም፤ መርጣም አታወርስም። ፍቺውን ተወውና ደሙ ሳይመረመር ምላጭ እንዳይነካው።»

ሥዕሉ እስኪደርቅ አፍጥጦ ቆየ።

ረቡዕ ጠዋት ጫት ነጋዴው ቁርስ ላመጣለት ወንድሙ በበሩ ቀዳዳ በኦሮምኛ ጮኸ። ከመሀል ግን «ተሸካሚ» የምትለዋ በአማርኛ ወጣች። ጠባቂው ዞር ብሎ አየኝ።

ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። «እዚህም ማስተማር ጀመሩ አሉ።»

ማን ነገረው? ጠባቂው? ወይስ የሙዙ ባለቤት? ምላሴ ከድሮም አይታዘዘኝም። «አዎ» አልኩት። «ያልገባው ካለ ይምጣ፣ እደግምለታለሁ።»

ሐሙስ የጫት ነጋዴው ወንድም በበሩ ቀዳዳ «ሕፃኑን ሐኪም ቤት ወስደነዋል» ብሎ ጮኸ። ጫት ነጋዴው ግንባሩን ሲሚንቶው ላይ ደፍቶ ሰገደ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እያለቀሰ ይሁን እያስመሰለ ግን አልለየሁም።

ከተፈታሁ በኋላ አላገኘሁትም። ዛሬም በጫት ተራ ሳልፍ እፈልገዋለሁ፤ እንዳያየኝም ባርኔጣዬን ዝቅ አደርጋለሁ። ሰላይ ነበር? እንጃ። ከነበረ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ትምህርቴን ከልቡ የሰማ ተማሪ እሱ ብቻ ነው።