የይበልጣልን መርዶ ይዤ ወደ ሞጣ

ከኪየቭ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ተሰለፍኩ። ትውልዴ ብቸና ነው። አምስት ዓመት ሲቪል ምሕንድስና ተምሮ የመጣ ሰው በደስታ ወደ እናቱ መሄድ ነበረበት። እኔ ግን ብቸናን አልፌ ወደ ሞጣ ነበር የምሄደው፤ ይበልጣል መሞቱን ለእናቱ ለመንገር።

ይበልጣል በአንድ ክፍል የምንማር፣ በአንድ ክፍል የምናድር ጓደኛዬ ነበር። በታኅሣሥ፣ የበዓታ ለታ፣ ለልምምድ በሄድንበት የድልድይ ሥራ በረዶ ከያዘው መወጣጫ ወድቆ ሞተ። እዚያው ቀበርነው። የአገር ልጆች ተሰብስበን መከርን። መርዶ በፖስታ አይነገርም፣ ከእኛ አንዱ አገር ሲገባ በአካል ይንገራት አልን፤ ለኤምባሲውም “ለቤተሰቡ እኛ እንነግራለን” አልን። እስከዚያ እንዳትጠረጥር በስሙ የሚጽፍላት ሰው ተፈለገና እኔ ሆንኩ። በሰባት ወር አምስት ደብዳቤ ጻፍኩ። አይ ሞኝነት! ያን ጊዜ ግን ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ዓባይ ድልድይ ላይ ለፍተሻ አስወረዱን። ወታደሩ መታወቂያዬን አይቶ ሻንጣዬን አስከፈተኝ።

“ጓድ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ካፖርት?”

“አንዱ የጓደኛዬ ነው።”

“እሱስ የት አለ?”

“ሞቷል።”

በአገሬ መሬት ላይ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ከእናቱ በፊት የሰማው ወታደር ሆነ። ሻንጣውን ራሱ ዘጋልኝና አለቃው እንዳይሰማው ቀስ ብሎ “እግዜር ያጥናችሁ” አለኝ።

ደጀን አደርኩ። አልጋው ሁለት ብር፣ ሽሮው ሰባ አምስት ሳንቲም፤ ቁንጫው በነፃ ነው።

ብቸና ላይ አለመውረድ

በማግስቱ ጨው የጫነ መኪና አገኘሁና በአምስት ብር ጋቢና ገባሁ። በስተግራ የጮቄ ተራራ ጭጋግ ለብሷል፤ የጤፉ ማሳ ጥቁር ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ ወርደን ከጎማው ሥር ድንጋይ ጎዘጎዝን።

እኩለ ቀን ላይ ብቸና ስንደርስ ሹፌሩ ምሳ ሊበላ ቆመ። ከመንገዱ የቤታችን ቆርቆሮ ይታያል። ብወርድ እልልታው ይቀልጣል፣ ወሬው ቀድሞኝ ሞጣ ይገባል። ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ አልኩ። አንዲት ሴት በመስኮት “ቆሎ ይግዙኝ ጋሼ” ስትለኝ ቀና ሳልል ገዛኋት፤ ድምጿን አውቀዋለሁ፣ ጎረቤታችን ናት። አምስት ዓመት የናፈቅኋትን እናቴን እንደ ሌባ ተደብቄ አለፍኳት።

ሞጣ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞጣ ገባሁና በቀጥታ ወደ ይበልጣል አጎት፣ ወደ መሪጌታ አለሙ ቤት ሄድኩ። ነገርኳቸው።

“ሰባት ወር?” አሉ። “ያለ ፍትሐት? ያለ ተዝካር? እናንተ ልጆች፣ ምን ነካችሁ?”

“ለእናቱ አዝነን ነው፣ አባ።”

“በል፤ ነገ በማለዳ ሽማግሌ ይዘን እንነግራታለን። እስከዚያ አፍህን ጠብቅ።”

የት ይጠበቃል! ሳይመሽ የይበልጣል እናት፣ እማማ ጥሩነሽ፣ “የልጄ ጓደኛ መጣ አሉኝ!” እያሉ ደረሱ። ጉንጬን ደጋግመው ስመው ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጡ።

“አንብብልኝ እስቲ የኔ ልጅ። ዲያቆኑ እየዘለለ ነው የሚያነበው። ካለፈው ጥር ወዲህ እኮ ደብዳቤው አማረ! ድሮ ‘ደኅና ነኝ፣ አታስቢ’ ብቻ ነበር። አሁን ትምህርቱ ገባው።”

ምን ይዋጠኝ? የገዛ ጽሑፌን አነበብኩላቸው። “እማዬ፣ ትንሽ ጊዜ ነው የቀረኝ…” ስል መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ለእማማ ጥሩነሽ ነገሯቸው። ጩኸቱን አልጽፈውም። ድምፃቸው ሲዘጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

“መቼ?”

“የበዓታ ለታ” አሉ መሪጌታ።

“አርባውስ መቼ ዋለ?”

መሪጌታ በጣታቸው ቆጠሩ። “ጥር አሥራ ሁለት። የቃና ዘገሊላ ለታ።”

እማማ ጥሩነሽ እኔን እኔን አዩኝ።

“ያን ለታ እኮ የእህቴን ልጅ ድረናል። የልጄ ደብዳቤ ደረሰኝ ብዬ እስክስታ ወርጃለሁ። በልጄ አርባ፣ እኔ እናቱ፣ እልል ብያለሁ።”

ማንበብ አይችሉም፤ ግን ደብዳቤዎቹን በርዝመታቸው ለዩአቸው። አጭሮቹን ጉያቸው ከተቱ፣ ረዣዥሞቹን አምስቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡ። ቢረግሙኝ በተሻለኝ ነበር።

ወደ ቤት

ለቅሶ ተቀምጬ በአራተኛው ቀን ብቸና ተመለስኩ። እናቴ ከደጅ እልል ልትል ስትል እጇን ያዝኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሐዘን ብናዘገየው የሚቀልል መስሎን ነበር፤ እኛ ግን የሴትዮዋን የለቅሶ ቀን ወስደን በምትኩ ጭፈራ ሰጠናት። ይህን ለመማር ኪየቭ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና አጠገቤ ተቀመጠች።

“አንተ ብትሆን ኖሮስ የሞትከው? ያ ልጅ ለእኔም እንዲሁ ይጽፍልኝ ነበር?”

“አዎ” አልኳት። እሱም እንደ እኔ ጽድቅ ይመስለው ነበርና።

“እንግዲያው ከእንግዲህ ደብዳቤ አትላክልኝ” አለች። “ራስህ ና።”