ባንድ ድምፅ የመለስንበት ጠዋት

ልጅ ሳለሁ እንደኔ የሚጮህ ልጅ በመንደሩ አልነበረም። እናቴ «ይችን ልጅ የት ላድርጋት!» እያለች ታማርር ነበር፤ የኔታ ግን ለዚሁ ድምፄ ሲሉ ተቀበሉኝ። ያኔ ሴት ልጅ ፊደል ልትቆጥር ተቀምጣ ያየ ሰው ቆሞ ይገረም ነበር። ከሃያ ልጆች መካከል ሴቶቹ እኔና የአጎቴ ልጅ ብቻ ነበርን።

መንደራችን ከመተማ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበረች። አባቶቻችን ከደጋ ወርደው ሰሊጥና ማሽላ ሲያርሱ የኖሩ፣ ጣልያን ከገባ ወዲህ ግን ይዝሩ ወይስ ይሰደዱ መወሰን ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ። የቆላው ፀሐይ በቀትር ልጅ አታስቀምጥም፤ ስለዚህ የምንማረው በማለዳና ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ የኔታ ከቤታቸው ጎን በሠሩት ዳስ ውስጥ ነበር። የፊደሉ ብራና ከምሰሶው ላይ ይሰቀላል፤ እኛ መሬት ላይ ነን። ለቢንቢ ተብሎ የሚጨሰው ኩበት ዓይናችንን እየለበለበን፣ እኔ «ሀ» ብዬ አወጣለሁ፣ የቀሩት ይቀበሉኛል። አውጪ መሆን ለኔ ሹመት ነበር፤ እቤትም ሳይቀር ኮራ ብዬ ነበር የምሄደው።

ሲመሽ ፊደሉ ይጠቀለልና ፍሙ ዳር ተሰብስበን ተረት እንሰማለን። የኔታ ሲያስተምሩ ቁጡ ነበሩ፤ ተረት ሲጀምሩ ግን ፊታቸው ይፈታል፣ የጅቡንም የጦጣውንም ድምፅ ያወጣሉ። ተረቱ ግን እንዲያው ተሰምቶ አይቀርም። በማግሥቱ ጠዋት ሀሁ ከመጀመሩ በፊት እሳቸው በዜማ ይጠይቃሉ፣ እኔ መልሱን አወጣለሁ፣ ሃያው ልጅ ባንድ ድምፅ ይከተለኛል። ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረም። ሊያስብ ዝም ያለ ልጅ «ይህስ ተኝቷል» ተብሎ ጆሮውን ይቆነጠጣል። እኔ አንድም ቀን አልተቆነጠጥኩም።

አንድ ምሽት ስንሰበሰብ የማናውቀው ሰው ከፍሙ ማዶ ተቀምጦ አገኘን። እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ጨርቁ ላይ ደም ደርቆ ጠቁሯል። የኔታ «እንግዳችን ነው» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። አርበኛ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ሳቁ ደስ የሚል ሰው ብቻ ነበር። የዚያን ዕለት ተረት አዳኞች ስላሳደዱት ዝሆን ነበር፤ ዱካውን በጅራቱ ሊያጠፋ ወደ ኋላ እየዞረ ሲጠርግ፣ ጅራቱ መሬት አልደርስ ብሎት ወፎች ሁሉ ሲስቁበት። እንግዳው የታመመ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። ስንበተን የየኔታ ባለቤት እትዬ ትርንጎ ክንዱን ደግፈው ወደ ማሽላው ጎተራ ሲያስገቡት አየን።

የኔታ «ለማንም እንዳትናገሩ» አላሉንም። ለምን እንዳላሉን ስንት ዓመት አሰብኩት። ልጅን መዋሸት ማስተማር ከብዷቸው ይሆናል። አለዚያም አትናገር የተባለ ልጅ ቶሎ እንደሚናገር ያውቁ ነበር።

በማለዳ ገና እንደተቀመጥን ወታደሮች መንደሩን ከበቡ። ከጣልያኑ ሹም ጋር የመጣው አስተርጓሚ ያገራችን ሰው ነበር፣ ጎንደሬ። ወታደሮቹ ቤቱን ሲበረብሩ እሱ ወደ ዳሳችን ገባ። የኔታ ብድግ ብለው «ልጆች፣ ዛሬ ትምህርት የለም፣ ወደየቤታችሁ» ሲሉን፣ «ኧረ የኔታ፣ ልጆቹ ይቀመጡ እንጂ! እኔም እንዲህ ነው የተማርሁት» አለና በርጩማቸው ላይ ተቀመጠ። ፈገግ ብሎ አየን። ከዚያ በዚያው በለመድነው ዜማ፣

«ትናንት የሰማነው፣ ስለ ማን ነበር?» አለ።

«ስለ ዝሆን!» ብዬ አወጣሁ፤ ተቀበሉኝ።

«ምኑን ሊያጠፋ?» ተረቱን እሱም ያውቀው ነበር።

«ዱካውን!»

«ተረቱን የነገራችሁ?»

«የኔታ!»

«ከናንተስ ጋራ የሰማው?»

«እንግዳው!»

«ምኑን ታሟል?»

«እግሩን!»

የአጎቴ ልጅ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ቀና ብል የኔታን አየኋቸው። ከንፈራቸው ደርቆ፣ ራሳቸውን በቀስታ ግራና ቀኝ ይነቀንቁ ነበር። አየሁ። ተረዳሁም። አስተርጓሚው ግን «የት ነው ያደረው?» ብሎ ዜማውን ሲጥልልኝ፣ አፌ ከኔ ቀደመ።

«ጎተራው ውስጥ!»

ያን ጊዜ የተቀበሉኝ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ።

እንግዳውን በክንዱ እየጎተቱ አወጡት። የኔታን እጃቸውን ወደ ኋላ አስረው፣ ከሱ ጋር አቆራኝተው ወደ መተማ ነዷቸው። አንዳቸውም አልተመለሱም፣ የት እንደተቀበሩም የነገረን የለም። ቤቱና ጎተራው ያን ጠዋት ተቃጠለ። ብራናው ከምሰሶው ሳይወርድ ነደደ፤ ማሽላው ሦስት ቀን ሙሉ ሲጨስ፣ ሽታው እንደተቆላ እህል ስለነበር ራበን። በዚያ ሽታ መራባችን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እትዬ ትርንጎን እናቴ ወደ ቤታችን አመጣቻቸው። ወታደሮቹ ገፍትረዋቸው ክንዳቸው አብጦ ነበር። በአራተኛው ቀን አጠገባቸው አስቀምጠው «አንች ልጄ፣ እውነቱን አትሸሽጊኝ፣ ማን ነው ቀድሞ የተናገረ?» አሉኝ።

«ሁላችንም ነን» አልኳቸው። «ባንድ ላይ።»

«ሕፃናት፤ ምን ታውቃላችሁ» ብለው በደህናው እጃቸው ራሴን ዳበሱኝ። ውሸት አልተናገርኩም፤ ሃያ ልጅ ጮኋል። ግን የሃያ ልጅ ድምፅ እንዲህ ለመደበቂያ እንደሚሆን ያን ዕለት ተማርኩ፤ ያስተማረኝም የለም።

ጣልያን ወጣ፣ እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ። ፊደሉን ለልጆቼ ራሴ አንድ በአንድ አስቆጠርኳቸው፣ የዝሆኑን ተረት ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም። እትዬ ትርንጎ ልጅ አልነበራቸውምና ከኛው ጋር ኖረው ከኛው ቤት ሞቱ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ውሃ ሲጠማቸውም፣ ጎናቸውን ሲያማቸውም፣ «ከየኔታ የተረፈችልኝ!» ብለው ነበር የሚጣሩት። እኔም «አቤት» እል ነበር።