ስድቡን ይተዉት

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያስተረጉም ሰው ሞልቷል። ሩሲያኛን ወደ እንግሊዝኛ፣ ያውም ማሽን አውቆ የሚያስተረጉም ግን ከየት ይመጣል? ከምኒልክ አደባባይ ካፌዎች ጀምሬ ሳምንት ሙሉ ስዞር ከረምኩ። በመጨረሻ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ፍሪጅ የሚጠግኑ አንድ የቀድሞ የኢትዮጵያ ባህር ኃይል ባልደረባ፣ ሽማግሌ ሰው አገኘሁ። ሞተር የተማሩት ሩሲያ ነው።

የምሠራበት የጭነት ድርጅት ክሬኑ ተበላሽቶበት ነበር። ሊጠግን የመጣው መሐንዲስ ከሩሲያኛ ሌላ አይሰማም። ሠራተኞቹ ከየአገሩ ስለነበሩ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው። መሐንዲሱ ደግሞ ሳይሳደብ መሥራት አይችልም። ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን አንዲት ቃል ሳያስቀሩ አስተረጎሙ። እናቱ ስትሰደብ የሰማው መካኒካችን መፍቻ አንስቶ የመሐንዲሱን ትከሻ መታው። ልገላግል ስገባ እኔም አፍንጫዬን ተመታሁ።

በንዴት ሽማግሌውን ወደ ጥላ ወሰድኳቸው።

«አባባ፣ ስድቡን ይተዉት። ቁም ነገሩን ብቻ ይንገሯቸው።»

«ልጄ፣ ይኼ ሰው ቁም ነገሩንም የሚናገረው በስድብ ነው።»

«እሱን እርስዎ ይለዩት» አልኩና ሄድኩ።

በማግስቱ ክሬኑ ሲሞከር መሐንዲሱ ድንገት መጮህ ጀመረ። ፊቱ ቀልቷል፣ ምራቁ ይረጫል፣ ያው የትናንቱ ነው። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ስድቡን እየለዩ ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጎሽ በሚል ራሴን ነቀነቅኩላቸው። «ከገመዱ ሽሹ!» ብለው ሲጮሁ የብረት ገመዱ ተበጥሶ ተወንጭፏል። መካኒኩን ከጉልበቱ በታች መታው። እግሩ ከነጫማው ተቆርጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። እሱ ግን አልጮኸም፤ እግሩን እንዲያቀብሉት እጁን ዘረጋ።

ቁስለኛውን በመኪና እንደሸኘን ጓደኞቹ ሽማግሌውን ከበቧቸው። ጠዋት አባባ ሲሏቸው የነበሩት «አንተ፣ ሰምተህ ዝም አልክ» አሏቸው። አንዱ በቡጢ ጥርሳቸውን አወለቀ። ሲወድቁ ሌሎቹ ጎናቸውን ረገጧቸው። ሽማግሌው እጃቸውን እንኳ አላነሱም፤ እኔን ያያሉ። ስድቡን ይተዉት ያልኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። የዚያን ቀን እንደ ፈራሁት በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

የግቢው ኃላፊ ሮጦ መጥቶ ገላገላቸው።

«ለምን በጊዜው አልተናገሩም?» አላቸው።

ደማቸውን ተፉ። «አርጅቻለሁ፣ ጆሮዬ ደክሟል» አሉ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «ጆሮው የማይሰማ ሰው ነው ያመጣህልን?»

«አዎ» አልኩ።