እታለምን እንግሊዝኛ ያስተማራት ሰው

ታላቅ እህቴ እታለም በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ኮሌታ ሰፍታለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በዚያ ኮሌታ ነው። ካረፈች ሁለት ወር ሊሞላት ነው።

አርባ ስምንት ዓመቷ ላይ የፈረቃ ኃላፊ ቦታ ተከፈተ። ኃላፊው የስፌት መኪኖቹን ብልሽት በእንግሊዝኛ ይመዘግባል፤ መካኒኮቹ የውጭ ሰዎች ናቸው። ለቦታው የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። እታለም መርፌውንም ክሩንም ሞተሩንም በእንግሊዝኛ ታውቃለች። የቸገራት ግሱ ነው፤ ተበላሽቶ የተጠገነውን እንዴት፣ ተበላሽቶ እስካሁን የቆመውንስ እንዴት እንደምትጽፍ።

መጀመሪያ የመጣችው እኔ ዘንድ ነው። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ስህተት አያልፈኝም። አሥር ዓረፍተ ነገር ጻፈች፣ ዘጠኙን በቀይ አረምኩት።

«ኧረ ደሜን አፈሰስከው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ምሳዋን የምትበላው ፋብሪካው በር ላይ፣ ከጥበቃው ጋር መሆኑን ሰማሁ። ፊሽካ ይሉታል፤ ስምንተኛ ክፍልን አልጨረሰም። አንድ ቀን ሄድኩ። በጥበቃ ቤቱ መስኮት አየኋቸው፤ የገቢና ወጪ መዝገቡ ላይ አቀርቅረዋል።

«ይሄ ነጋዴ ሁለት ሰዓት ገባ፣ አራት ሰዓት ወጣ። ያለፈ ነገር ነው፣ አለቀ» አለች እታለም።

«መካኒኩስ?» አለ ፊሽካ።

«እሱማ ገብቷል፣ አሁንም ውስጥ ነው። ሰዓቱን ካልጠራህ ሌላኛውን፣ «ሃቭ» ያለበትን ነው የምትጽፈው።»

ፊሽካ ራሱን ነቀነቀ፤ ፈታኝ መምህር መሰለኝ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ፣ እህቴን አንድ ዘበኛ ይወስድብኛል?

ማታ፣ «እኔ የሌለኝ ምን አለው?» አልኳት።

«አይቸኩልም» አለች።

ሦስት ሳምንት አኮረፍኳት። የፈተናው ዕለት ጠዋት «መልካም ዕድል በለኝ እንጂ» ብትለኝ፣ «ፊሽካሽ ይበልሽ» አልኳት። አለፈች። ስድስት ዓመት ሙሉ መዝገቡን ጻፈች፤ አንድ ገጽ እንኳ አሳዪኝ አላልኳትም።

ስታርፍ ፊሽካ ለቅሶ ቤት ድረስ መጣ። የፋብሪካው ሴቶች ከእኔ በፊት እሱን አቅፈው አለቀሱ። አልቻልኩም፤ ወደ ግቢው ይዤው ወጣሁ።

«በየትኛው መጽሐፍ ነው ያስተማርካት?»

«እኔ?» ደነገጠ። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ከየት አውቄ! እሷ ናት እንጂ እኔን ያስተማረችኝ። ማታ ከተዋሰችው መጽሐፍ ታነባለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ለእኔ ታስረዳለች። አልገባኝም ስላት እንደገና ትጀምራለች። ለራሷ የሚገባት ለእኔ ስታስረዳ ነበር። 'ካንተ የባሰ የማያውቅ ሰው ባገኝ እሱን እይዝ ነበር' ትለኝ ነበር።»

ሊቀለኝ ይገባ ነበር። መምህርነቴን የወሰደብኝ ሰው የለም። ግን እኔ በዕድሜዬ አንድም ቀን «አልገባኝም» ብያት አላውቅም፤ እንድታስረዳኝ ዕድል አልሰጠኋትም።

«ስትሳሳትስ ምን ትልህ ነበር?» አልኩት።

ፊሽካ እንባውን በመዳፉ ጠርጎ የእሷን ድምፅ አወጣ። «'አንተ ድንጋይ ራስ! ሰውዬው አልወጣም እኮ እያልኩህ!'»

እኔን ድንጋይ ራስ ብላኝ አታውቅም። ቆሜ ቀናሁበት።