ማን ያስታጥብሃል?

በካቶሊክ ወግ ከዲቁና በፊት አንድ ደብዳቤ ይጻፋል። ረጅም አይደለም፤ ቢበዛ አንድ ገጽ ቢሞላ ነው። በኮምፒውተር ሳይሆን በገዛ እጅ፣ ለሊቀ ጳጳሱ ነው የሚጻፈው። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሳላገባ ለመኖር ወድጄና ፈቅጄ ቤተ ክርስቲያንን ላገልግል ብሎ መለመን ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት አብረውኝ የሚማሩት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጽፈው ጨረሱት። እኔ ከፋሲካ እስከ ነሐሴ ባዶ ወረቀት ይዤ ዞርኩ። ምክንያቱ የእምነት ጥርጣሬ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ስለ ጥርጣሬ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ምክንያቱ እናቴ ነበረች። ካህን መሆኔን እምቢ አለች።

አባቴ ካቶሊክ ነበር፣ እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። እኔ ያደግሁት በአባቴ ቤተ ክርስቲያን ነው። አባቴ የሞተው ሃይስኩል እያለሁ ነው፤ ከዚያ በኋላም እናቴ በየእሁዱ እኔን የካቶሊኮቹ ደጅ አውርዳ ወደ ራሷ ቅዳሴ ትነዳ ነበር። እንዲያም ሆኖ እምቢታዋ የሃይማኖት ጉዳይ መሰለኝ። ክርክር ስለምወድ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ኒው ሆፕ ከተማ ባለው አፓርታማዋ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ስለ ጉባኤያቱ፣ ስለ ቀደሙት አባቶች፣ ስለ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ስደረድርላት ልብስ እያጣጠፈች አዳመጠችኝ።

"ጨረስክ?" አለችኝ።

"ጨረስኩ።"

"እኔ ካቶሊክ አትሁን አልኩህ? አባትህን ያገባሁ ሰው ነኝ እኮ! የኛ ቄሶች ሚስት አላቸው፣ ልጅ አላቸው። አንተ ግን ሳትመነኩስ እንደ መነኩሴ ልትኖር ነው።"

"እማዬ፣ ካህናት ወንድሞች ይኖሩኛል።"

"ወንድሞችህንማ እኔ ነኝ የማውቃቸው። በየቀኑ ገላቸውን የማጥባቸው እኔ አይደለሁ?" የካልሲ ጥንዱን ጠቅልላ ዘንቢሉ ውስጥ ወረወረችው። "አንተን ስታረጅ ማን ያስታጥብሃል?"

 እናቴ ጡረታ የወጡ ካህናት በሚጦሩበት ቤት ረዳት ሆና መሥራት ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው። የካህንን እርጅና እኔ በወሬ፣ እሷ በእጇ ነው የምናውቀው። የዚያን ቀን ስወጣ ጉልበቷን ልስም ዝቅ ብል እግሯን ሰበሰበች።

"እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን" አለችኝ።

ለፈተና ስሄድ፣ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ሳይቀር የምትመርቀኝ እናቴ ናት። በጣም ከፋኝ። ያለ ምርቃቷ ደግሞ "ወድጄና ፈቅጄ" ብዬ መጻፍ አልሆነልኝም።

በአሜሪካኖቹ በጋ ትምህርት ቤታችን ለሥራ ልምምድ ሲመድበን የእኔ ዕጣ የእናቴ መሥሪያ ቤት ሆነ። እግዚአብሔር ቀልድ እንደሚወድ ያኔ ገባኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጡኝ ከዘጠና ዓመት ያለፉ፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አሜሪካዊ ቄስ ነበሩ። እናቴ "አባ" ትላቸዋለች፤ እኔም እንደሷ ልበላቸው። የተማሪ ትሕትናዬን ተላብሼ፣ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይዤ እጃቸውን ልጠርግ ቀረብኩ። አባ እጃቸውን ነጥቀው ጮኹብኝ። ሳፋው ሱሪዬ ላይ ተገለበጠ። እናቴ ከጎረቤት ክፍል ሮጣ መጣች።

"ምን አደረግካቸው?"

"እጃቸውን ልጠርግ ብዬ ነው።"

"እጅ ይታጠባል እንጂ ይጠረጋል እንዴ?"

የላስቲክ ጆግ ውሃ ሞላች። በክርኗ ሙቀቱን ሞከረች። ፎጣ በግራ ክንዷ ላይ ጣል አደረገች፤ ሳፋውን ከእጃቸው ሥር ያዘች፤ ጎንበስ ብላ ቀስ እያለች አፈሰሰችላቸው። ቤታችን ለመጣ እንግዳ ከምሳ በፊት የምናደርገው ነው፤ ሌላ ምንም አልጨመረችበትም። አባ የጣቶቻቸውን ጫፍ አሻሹ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጸሎቱን አወቅሁት። በቅዳሴያችን ካህኑ እጁን ሲታጠብ ከበደሌ እጠበኝ እያለ በለሆሳስ የሚደግመው ነው። በፎጣዋ አደረቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ቀና ብለው አዩንና፣ መሥዋዕታችን እንዲሰምር ጸልዩ አሉን፤ በቅዳሴው ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። እኔ ሕዝቡ የሚመልሰውን በእንግሊዝኛ እንደ ጎበዝ ተማሪ ተወጣሁት። እናቴ በአማርኛ፣ "እግዚአብሔር ይቀበልልዎ" አለቻቸው።

"የናንተን ሪስፖንስ አልችለውም" አለችኝ ኮሪደሩ ላይ። "የራሴን ነው የምላቸው። ይኸው እስከ ዛሬ አልተቆጡኝም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ምኑን አወቅሁት! መጀመሪያ ሰሞን እኔንም ገፍተውኛል። ኮምባቲቭ ናቸው፣ ይማታሉ እያሉ የሕክምና ቻርታቸው ላይ ይጽፉባቸው ነበር። በኋላ፣ እኔስ ብሆን እጄን በእርጥብ ጨርቅ ቢያሹኝ እወዳለሁ? አልኩና እንደ ቤቴ አስታጠብኳቸው። ቅዳሴ ገቡ፤ በቃ።"

ከዚያ ወዲህ ሥራዋን ሁሉ በዚያ ዙሪያ እንዳዋቀረችው ያየሁት እየቆየሁ ነው። እጅ ማስታጠቡን መጨረሻ ላይ ታደርገዋለች፤ ካህኑ ጢማቸው ሳይላጭ፣ ሸሚዛቸው ሳይቆለፍ፣ አልጋው ሳይነጠፍ ቅዳሴ አይጀመርማ። ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች። እስኪጨርሱ አትነካቸውም፤ በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሃያውን ደቂቃ ከምሳ ሰዓቷ ትከፍለዋለች። አለቃዋም፣ የሥራ ባልደረቦቿም አያውቁም። አባም ራሳቸው አያውቁም።

እኔ ስለ እጅ መታጠቡ ትርጉም ድርሰት ጽፌ ከፍተኛ ውጤት ያገኘሁ ሰው ነኝ። ድርሰቴ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። በእናቴ ግን ኮራሁ፤ እንደዚያ በሰው ኮርቼ አላውቅም።

በዚያ በጋ የተማርኩት ሁሉ ከእሷ ነው። ደንቆሮ ቢሆኑም በሩን አንኳኳ። ከመንካትህ በፊት የምታደርገውን ንገራቸው። የማታጥበውን አካል ሸፍን፤ "ሰው ሲያረጅ ኀፍረቱ አያረጅም" ትለኛለች። በየክፍሉ ደፍ ላይ ስታማትብ ጣቷ ግንባሯን ነካ ሲያደርግ አያለሁ። የጧት ጸሎቴን ከመጽሐፍ አንብቤ፣ ገጹን ምልክት አድርጌ፣ ዘግቼ የምመጣ እኔ፣ የእሷ ጸሎት የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ላገኘው አልቻልኩም።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ጧት ውሃው ሲፈስ አባ እጃቸውን አልዘረጉም። እናቴ ግን አንድ በአንድ ጣታቸውን ይዛ አስታጠበቻቸው። "እግዚአብሔር ይቀበልልዎ" አለች፤ ጸልዩ ሳይሏት። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዐረፉ። ያላቸው ዘመድ ሩቅ ስቴት የሚኖር የወንድም ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ታሞ መምጣት አልቻለም።

"አየህ?" አለችኝ እናቴ አንሶላቸውን እየገፈፈች። "ይኸው ነው እኔ የምልህ።"

ለቀብሩ ጸሎት እናቴ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ፣ ለገዛ አባቷ እንዳደረገችው መጣች። ከእኔ ጋር ኋላ ተቀመጥን። ጡረተኞቹ ካህናት በከዘራ፣ በዊልቸር ገብተው ከበቡ። የቤተሰብ ወንበር የሚባለው ከፊት ባዶ ነበር። የቤቱ ኃላፊ መጥታ እናቴን እዚያ እንድትቀመጥ ለመነቻት።

"ቤተሰብ አይደለሁም" አለች እናቴ።

አጠገባችን በዊልቸር የተቀመጡ ሽማግሌ ካህን ዞረው፣ "ታዲያ ቤተሰባቸው ማን ነው?" አሏት።

እናቴ ተነሥታ ሄደች። ያንን ረጅም ወንበር ብቻዋን ይዛ ተቀመጠች። ሬሳው ሲወጣ ካህናቱ በተሰነጣጠቀ ድምፃቸው በላቲን የእመቤታችንን መዝሙር ሲያነሡላቸው፣ ማርያም ስትጠራ ሰምታ ተነሥታ ቆመች፤ እንደ አገሯም ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አሜሪካኖች በቀብር ላይ እንዲህ አያለቅሱም። መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ በማፈሬ በገንኩ። ያለ እሷ ልቅሶ ቀብሩ ቀብር አይሆንም ነበር።

በሳምንቱ እሁድ ምሳ ጠራችኝ። ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር ሽሮና ጎመን ነው የቀረበው። ልታጠብ ወደ ኩሽና ስነሣ፣ "ቁጭ በል" አለችኝ። ጆግና ሳፋ ይዛ መጣች፤ ፎጣው በግራ ክንዷ ላይ ነው።

በእኛ ቤት ታናሽ ለታላቅ እንጂ ታላቅ ለታናሽ አያስታጥብም። ጆግ መሸከም ከቻልኩበት ቀን ጀምሮ አስታጣቢው እኔ ነበርኩ።

"እማዬ፣ ተዪ፤ ነውር ነው።"

"እጅህን ዘርጋ።"

ዘረጋሁ። ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ በክርኗ ሞክራዋለች። 

"እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳስብ ነበር" አለችኝ እያፈሰሰች። "እኔ አዲስ አበባ ስወለድ አባ እዚህ ይቀድሱ ነበር። አያውቁኝ፣ አላውቃቸው። ልጅ የላቸውም ብዬ ሳዝንላቸው፣ ለካ እግዚአብሔር እኔን በስደት በሱዳን አዙሮ አምጥቶ ሰጥቷቸዋል።" ጆጉን ቀና አደረገች። "ያንተዋ አስታጣቢም ዛሬ የሆነ አገር እየተወለደች ይሆናል። ቋንቋህን አታውቅም። ግን ትመጣለች።"

አንድ ልጇ ነኝ። የልጅ ልጅ እንደማታይ እያወቀች ነው ይህን የምትለኝ።  አፌ ላይ የመጣው የእሷው ነበር።

"እግዚአብሔር ይቀበልልሽ" አልኳት።

"አሜን" አለችና ፎጣውን አቀበለችኝ። እጄን አድርቄ ጉልበቷን ልስም ዝቅ አልኩ። እግሯን አልሰበሰበችም።